«ልጁን ጥሩት»፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዳታቤዝ በማን እጅ ነው?

አዳማ ላይ ክሊኒክ፣ ባንክ ወይም ሆቴል ጎራ ያለ ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መብራት ወይም ኔትወርክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ዲስኩ ሞልቷል፣ ዳታቤዙ ተበላሽቷል፣ ባክአፕም አልተወሰደም። ያኔ «ልጁን ጥሩት» ይባላል። ልጁ ሲስተሙን የጫነው ባለሙያ ነው፤ ሲጠራ ይመጣል፣ ሠርቶ ተከፍሎት ይሄዳል። ዳታቤዝን በውጭ ባለሙያ ማስያዝ እዚህ የቆየ ልማድ ነው፤ የጎደለው ውሉ ነው።

ማንን ይመለከታል?

የባንኮች ዋና ዳታቤዝ በማዕከል ስለሚያዝ የአዳማም ሆነ የሻሸመኔ ቅርንጫፍ ሰርቨር አያስተዳድርም። በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያልፈው ዕቃ የጉምሩክ መዝገብም እንዲሁ ማዕከላዊ ነው። ችግሩ የሚጎላው መካከለኞቹ ድርጅቶች ላይ ነው፦ የአዳማ የስብሰባ ሆቴሎች፣ የግል ሆስፒታሎችና ኮሌጆች፣ ጅምላ አከፋፋዮች፣ የመቂና የባቱ አትክልት አምራቾች ማኅበራት። እንዲህ ባሉ ቤቶች ሂሳብ በፒችትሪ ሶፍትዌር መያዝ የተለመደ ነው፤ ዳታው የሂሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ፣ ባክአፑ ቦርሳዋ ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ ይገኛል።

ለምን ለሌላ ይሰጣል?

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ባክአፕ ይወስዳል፣ ማሻሻያ ይጭናል፣ የተጠቃሚዎችን ፈቃድ ይወስናል፣ የዘገየውን ያፈጥናል፣ የወደቀውን ያነሳል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ የአገራችን የሠራተኛ ሕግ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ላይ ይገድበዋል። ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ ሌት ተቀን ለመጠበቅ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከሚመረቁት ውስጥ ብዙዎቹን ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዲስ አበባ ትስባቸዋለች። አንድ ሆቴል አራት ሰው አይቀጥርም፤ አሥር ድርጅቶች ግን አንድ ቡድን መጋራት ይችላሉ።

ሦስት መንገዶች

የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ በ1989 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ማዕከሎቹን ሥራ ለአይቢኤም ሲሰጥ ትልልቅ ኩባንያዎች ተከተሉት። ዛሬ ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው፣ ሰርቨሩ ከባለቤቱ ዘንድ ሆኖ ባለሙያዎች በርቀት ያስተዳድሩታል። ሁለተኛው፣ ሰርቨሩ አዲስ አበባ አይቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ባሉ የዳታ ማዕከላት ይቀመጣል፤ የመብራቱ ጭንቀት ይቀንሳል፣ የዳታቤዙ ሥራ ግን አሁንም ሠሪ ይፈልጋል። ሦስተኛው ክላውድ ነው፤ አማዞን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳታቤዝን ከነባክአፑ በኢንተርኔት ያከራያል።

የክላውዱ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል፤ የኪራዩ ዋጋ በብር ሲሰላ አብሮ ወጥቷል። በርቀት የሚሠራው ባለሙያም ያለ ኢንተርኔት እጁ አይደርስም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሙሉ በሙሉ ክላውድ ላይ መደገፍ አያዋጣም፤ ዕለታዊው ሥራ እዚያው ባለ ሰርቨር ላይ ሆኖ ቅጂው ሌላ ከተማ ቢቀመጥ ይሻላል።

ውሉ ምን ይያዝ?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በመረጃው ላይ የሚወስነውን ድርጅትና በእሱ ስም የሚሠራበትን ለይቶ ያያል። የሕመምተኛ መዝገብ ቢወጣ ሆስፒታሉ «ልጁ ነው» ብሎ አያመልጥም። ስለዚህ ዋናው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታም ቢሆን ከባለቤቱ ዘንድ ይኑር። ባለሙያው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ማን ምን ማየት እንደሚፈቀድለት፣ ውሉ ሲያበቃ ዳታው በምን ዓይነት ፋይል እንደሚመለስ ይጻፍ።

ከሁሉ በፊት ግን ባክአፑ በየጊዜው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል። ድርጅት ያለዎት አንባቢ፣ ነገ ቢሮ ሲገቡ የመጨረሻው ባክአፕ የተከፈተበትን ቀን ይጠይቁ። ቀኑን የሚነግርዎት ሰው ካጡ፣ ልጁን ይጥሩት፤ በዚያው ውል ያስፈርሙት።