ሻሽ ሥር ያለው ቆዳ

አዳማ ውስጥ ጸጉር ቤት ገብቶ ለሚያዳምጥ፣ ሃምሳን ያለፉ እናቶች ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሹሩባዬ ቀጠነ፤ መሃል አናቴም ሳሳ።» ጥፋቱ በሻምፖው ወይም በውሃው ይላከካል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ እነ ወንጂ አካባቢ በፍሎራይዱ ጥርስና አጥንት በማበላሸት ስሙ ስለጠፋ፣ የጸጉሩንም ዕዳ ማሸከም ይቀላል። የራስ ቆዳ ግን እንደ ፊት ቆዳ ሁሉ እንደሚያረጅ ትዝ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ከቆዳ በላይ የምናየው ጸጉር ሕይወት የለውም። ሕያው የሆነው ቆዳው ውስጥ የተቀበረው ሥሩ ነው። በአንድ ሰው ራስ ላይ 100 ሺህ ገደማ ሥሮች አሉ። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ጸጉር ያሳድጋል፤ ለጥቂት ሳምንታት ይኮማተራል፤ 3 ወር ገደማ ያርፍና አሮጌውን ጥሎ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ማበጠሪያ ላይ ቢገኝ አያስደነግጥም።

አዲሱን የሚያስጀምሩት በሥሩ ግድግዳ ላይ የተቀመጡ ግንደ ህዋሳት ናቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ህዋሳት በቦታቸው የሚያጸናቸውን «ኮላጅን 17» የተባለ ፕሮቲን ያጣሉ። ያኔ ወደ ተራ የቆዳ ህዋስነት ተለውጠው ከላይኛው ቆዳ ጋር ተቀርፈው ይወድቃሉ። ሥሩ እያነሰ ይሄዳል፤ የሚያበቅለውም ጸጉር በየዙሩ ይቀጥናል፣ ያጥራል። በሴት ላይ፣ በተለይ ካረጠች በኋላ ኤስትሮጅን ሲቀንስ፣ የግንባሩ ጠርዝ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይቆይና ጸጉር የተከፈለበት መስመር እየሰፋ ይመጣል።

ፀሐዩም አለበት። ከሞጆ እስከ ባቱ ባዶ ራሷን ገበያ የምትውል ሴት አናቷ ላይ የሚያርፈው ጨረር የቆዳዋን ኮላጅን ይጎዳል። ያረጁት እናቶች ሻሽ ማሰራቸው፣ ለባህል ብለውም ቢሆን፣ ቆዳቸውን ጠቅሟል።

ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ የሚመለጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ጠብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ የሚያመጣው ነው። ወጣቶችንም አይምርም፤ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ጸጉሩ አይመለስም። ጥብቅ ሹሩባን «ያምራል» ብሎ መታገስ ለእኔ ከንቱ ጀግንነት ነው።

ቅቤ ጸጉሩን ያለሰልሳል፣ ከመሰባበርም ያድናል፤ ግንደ ህዋሳቱን ግን አይመልስም። ሐኪም ዘንድ የሄደች ሴት መጀመሪያ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ቢታዘዝላት አትገረም፤ የደም ማነስም ሆነ የዕጢው መታወክ ጸጉር ያረግፋል። ሚኖክሲዲል የተባለው የሚቀባ መድኃኒት ጸጉሩ የሚያድግበትን ጊዜ ያረዝማል። ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ መቀባቱ ሲቆም ደግሞ ያተረፈው ጸጉር በወራት ውስጥ ይረግፋል።