ከአንድ ኮምፒዩተር ሆኖ የሌላውን ገበታ ስለ መሥራት

ኮምፒዩተር ወደ ትምህርት ቤቶች በገባ ቁጥር አብሮት የሚገባ አንድ ችግር አለ። ይኸውም መሣሪያው ባለበት ቦታ ጠጋኙ አለመገኘቱ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር የተማሪዎችን ውጤት መመዝገቢያ አልከፍትም ያለ እንደሆነ ርእሰ መምህሩ ወደ ከተማ ስልክ ይደውላሉ። ባለሙያው «አሁን ምን ይታይዎታል?» ይላል፤ ርእሰ መምህሩም «አንድ ግራጫ ሳጥን መጣ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለበት» ይላሉ። ጽሑፉን ፊደል በፊደል አንብቦ መጨረስ፣ ቀጥሎም የተባለውን ቁልፍ ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያም ካልተሳካ ኮምፒዩተሩ በመኪና ተጭኖ ይላካል፤ የሴሚስተሩ ውጤትም እርሱ እስኪመለስ ይጠብቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለሙያው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ያን ግራጫ ሳጥን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ አይቶ በገዛ እጁ የሚዘጋበትን ዘዴ፣ በተለይም ሁለቱ ኮምፒዩተሮች የተለያየ ሥርዓተ ክወና ያላቸው ሲሆኑ፣ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥርዓተ ክወና የምንለው የኮምፒዩተሩን አካላት የሚያዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና የማኪንቶሽ ሥርዓት በሰፊው የሚታወቁት ናቸው። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዳለ እንደማይሠራ የታወቀ ነው። ታዲያ በሊኑክስ የሚሠራ ሰው የዊንዶውስን ገበታ እንዴት ሊያዝዝ ይችላል? ምክንያቱ ፕሮግራሙ ከቦታው የማይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በሩቁ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው ወደ ተመልካቹ የገበታው ምስል፣ ወደ አስተናጋጁ ደግሞ የቁልፍና የማውስ ምልክት ብቻ ነው። ስለሆነም ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት መሆን አያስፈልጋቸውም፤ አንድ የመላላኪያ ደንብ፣ ማለትም ፕሮቶኮል፣ ማወቃቸው ይበቃል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ታኅሣሥ ወር 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተሰበሰቡ ባለሙያዎች ፊት ተቀምጦ፣ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መንሎ ፓርክ የሚገኘውን ኮምፒዩተር በቁልፍ ሰሌዳና በማውስ ሲያሠራ አሳይቷል። ምስሉ በማይክሮዌቭ፣ ትእዛዙ በስልክ መስመር ይመላለስ ነበር። በዚያው ዕለት እርሱና መንሎ ፓርክ የነበረው የሥራ ባልደረባው አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሲመለከቱና ሲነጋገሩበት ታይተዋል።

ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኙት ደንቦች በሦስት መንገድ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ኤክስ የተባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ሩቁ ፕሮግራም ሥዕሉን ሠርቶ አይልክም፤ «እዚህ ላይ መስመር ስመር፣ እዚያ ላይ ይህን ፊደል ጻፍ» እያለ ያዝዛል፤ የሚሥለው ተመልካቹ ዘንድ ያለው ኮምፒዩተር ነው። በተቋማት መካከል በፈጣን መስመር ጠቅሟል፤ በቀጭን መስመር ግን በትእዛዙ ብዛት ይንቀራፈፋል። ለትምህርት ቤት ስለማይመች እናልፈዋለን።

ሁለተኛው ቪኤንሲ ይባላል። በ1990ዎቹ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ ይገኝ በነበረው የኦሊቬቲና የኦራክል የምርምር ጣቢያ የተሠራ ሲሆን፣ ጣቢያው ኋላ ወደ ኤቲኤንድቲ ተላልፎ በ2002 ተዘግቷል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ከነምንጩ በነፃ የተሠራጨ በመሆኑ ከጣቢያው መዘጋት በኋላም ኖረ። የቪኤንሲ ጠባይ እጅግ ቀላል መሆኑ ነው። ገበታውን እንደ አንድ ትልቅ ሥዕል ቆጥሮ፣ ተመልካቹ በጠየቀ ጊዜ፣ ካለፈው ጥያቄ ወዲህ የተለወጡትን ቁራጮች ብቻ ይልካል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ተመልካቹ የሚጠይቀው አልፎ አልፎ ስለሚሆን ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። መስኮቱን ዘግቶ ከሌላ ኮምፒዩተር የሚገባ ሰው ጠቋሚውን ትቶት በሄደበት ቦታ ያገኘዋል። ይህ ቀላልነት ነው በየትኛውም ሥርዓተ ክወና ላይ እንዲገኝ ያደረገው፤ ማኪንቶሽም ከ2007 ጀምሮ ከዚሁ ደንብ ጋር የሚግባባ የገበታ መጋሪያ አብሮት ይመጣል።

ሦስተኛው የማይክሮሶፍት ደንብ አርዲፒ ነው፤ በ1998 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4 ጋር ወጣ። ምስልንም የሥዕል ትእዛዝንም ስለሚያደባልቅ፣ በቀጭን መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከቪኤንሲ ይልቅ ይቀላጠፋል። ድምፅንና አታሚንም ያሻግራል። ለሊኑክስ ሬሚናና ፍሪአርዲፒ የተባሉ ተመልካቾች በነፃ ይገኛሉ፤ ለማኪንቶሽ ማይክሮሶፍት ራሱ ያቀርባል። በአንጻሩም ኤክስአርዲፒ የተባለው ፕሮግራም የሊኑክስ ገበታን ለዊንዶውስ ተመልካች ያስተናግዳል። ዕቅድ አውጪዎች ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ፤ «ሆም» የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት በአርዲፒ ሌላውን መመልከት ይችላል እንጂ ራሱ አይታይም። በርካሽ የተገኙ ኮምፒዩተሮች ብዙ ጊዜ ይህን ዓይነት የጫኑ ናቸው።

የምስሉ ክብደት በቁጥር ቢታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ስፋቱ 1024 በ768 ነጥብ የሆነ ገበታ 786,432 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ 16 ቢት ቢመደብ ድምሩ ከ12.5 ሚሊዮን ቢት በላይ ይሆናል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህ ሥዕል ሳይጨመቅ ቢላክ 12 ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ በጥንቱ የ56 ሺህ ቢት የስልክ መስመር ግን ወደ አራት ደቂቃ ይጠጋል። ስለዚህ የገበታውን ጌጥ ሥዕል አንሥቶ አንድ ወጥ ቀለም ማድረግ፣ የቀለሙንም ብዛት መቀነስ፣ ተራ ምክር ቢመስልም የጨመቃውን ሥራ እጅግ ያቃልላል። ከመስመሩ ስፋት ሌላ የርቀቱም ጉዳይ አለ። መስመሩ የሚያልፍበት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ከሆነ፣ ቁልፍ ተጭኖ ውጤቱን ለማየት ቢያንስ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ማለፉ አይቀርም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለነበረው መዘግየቱ አልታወቀም፤ ሰው በእጁ ማውስ ይዞ ሲሠራ ግን ይሰማዋል።

ከፍጥነቱ ይልቅ ለትምህርት ሥራ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። አርዲፒ የተለመደውን የቢሮ ዊንዶውስ ሲይዝ፣ በስፍራው የተቀመጠው ሰው ገበታው ይቆለፍበታል። ጥገናው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ይመለስለታል፤ እንዴት እንደ ዳነ ግን አላየም። በሚቀጥለው ወር ያው ችግር ሲመጣ ያው ስልክ ይደወላል። ቪኤንሲ ግን ገበታውን ያንጸባርቃል እንጂ አይነጥቅም፤ በዊንዶውስ 10ና 11 የሚገኘው «ክዊክ አሲስት» የተባለው መርጃም እንዲሁ ነው፤ ሆኖም ይህ ከዊንዶውስ ወደ ዊንዶውስ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጠቋሚ እያዩ በስልክ ሊነጋገሩ ይችላሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትምህርት ቤት የቱንም ያህል አርዲፒ ቢፈጥንለት፣ መምህሩ እያየ የሚማርበትን መንገድ መምረጥ ይገባዋል። አርዲፒ ሰው ለሌለበት፣ ለምሳሌ ለመዝገብ መያዣው ኮምፒዩተር፣ ይሁን።

አማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። የሚመጣው ምስል በመሆኑ የሩቁን የግዕዝ ፊደል ለማንበብ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉ መጫን አያስፈልግም። መጻፍ ግን እንደዚህ አይደለም። በመስመሩ ላይ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ የቁልፉ ምልክት ነው፤ በተመልካቹ ኮምፒዩተር የአማርኛ መጻፊያው ተከፍቶ «ሀ» ቢጻፍ፣ ሩቁ ኮምፒዩተር ሌላ ነገር ሊያነብ ወይም ምንም ላያነብ ይችላል። መፍትሔው የአማርኛውን መጻፊያ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ በራስ በኩል የላቲኑን ሰሌዳ እንዳለ መተው ነው። ሁለቱም በኩል ከተከፈተ ፊደሉ ይተረማመሳል።

አሁን ወደ ጥበቃው እንምጣ። የመጀመሪያው የቪኤንሲ ደንብ ምስሉንም የሚጻፈውንም ሳይመሠጥር ይልካል፤ ከይለፍ ቃሉም የሚመለከተው ስምንቱን ፊደላት ብቻ ነው፤ የቀረው ቢረዝም ከንቱ ነው። በአርዲፒም በኩል ግንቦት 2019 በአሮጌዎቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ ያለ ይለፍ ቃል መግቢያ የሚሰጥ ከባድ ጉድለት ተገልጧል። አደጋው ብዙ ስለነበረ ማይክሮሶፍት ድጋፉ ከአምስት ዓመት በፊት ለተቋረጠው ለኤክስፒ እንኳ ማስተካከያ አወጣ። የቪኤንሲ የተለመደ በር ቁጥር 5900፣ የአርዲፒ ደግሞ 3389 መሆኑን ሌቦችም ያውቁታልና፣ እነዚህን በሮች ወደ ኢንተርኔት በቀጥታ መክፈት የውጤት መዝገቡን አደባባይ ላይ ከማስቀመጥ አይለይም። ደኅናው መንገድ በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በታቱ ኢሎነን የተፈጠረውን ኤስኤስኤችን፣ ወይም ቪፒኤን የሚባለውን የተመሠጠረ መተላለፊያ አስቀድሞ ዘርግቶ ገበታውን በዚያ ውስጥ ማሳለፍ ነው።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር በአብዛኛው ከውጭ የሚታወቅ የራሱ አድራሻ የለውም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠራል እንጂ ከውጭ አይጠራም። ቲምቪወር፣ ኤኒዴስክና የመሳሰሉት ድርጅቶች ይህን የሚያልፉት ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ወደ ድርጅቱ አገልጋይ እንዲጠሩ በማድረግ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከልዩ ልዩ ሥርዓተ ክወናዎችም ጋር ይስማማል። ነገር ግን ግንኙነቱ በሦስተኛ ወገን ላይ ይንጠለጠላል። ረስትዴስክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አገናኙን አገልጋይ ትምህርት ቢሮው ራሱ እንዲያቆም ስለሚፈቅድ፣ ባለሙያ ያለው ቢሮ ቢያስብበት መልካም ነው።

በመጨረሻ የፈቃድ ነገር ይቀራል። ገበታው የተከፈተለት ሰው ተራ ተመልካች ሳይሆን በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው፤ የፈተና ጥያቄ ያነባል፣ ውጤት ይለውጣል፣ ደብዳቤ ይልካል። ባልጠሩት ጊዜ ደውሎ «ኮምፒዩተርዎ ተበላሽቷል፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ» የሚል ሰው በብዙ አገሮች የታወቀ አታላይ ነው። ስለሆነም ቁጥሩን የሚሰጠው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን፤ ይለፍ ቃሉ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ይለወጥ፤ የገባው ሰው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በመዝገብ ይያዝ። ጥገናው እስኪያልቅ ድረስም አንድ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ከኮምፒዩተሩ ፊት አይነሣ፤ ያላዘዘው ነገር ሲሠራ ካየ የመረቡን ገመድ ለመንቀል ማንንም መጠየቅ የለበትም።