ከመቁጠሪያው በኋላ የሚመጣው ጨዋታ

የባሌ ጎባ ብርድ ማታ ይበረታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምሮ ከሳነቴ አምባ በኩል የሚወርደው ቁር በበር ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ያን ሰዓት እኛ ልጆች ምድጃውን ከበን አያቴን እንጠብቃለን። እሷ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ መቁጠሪያዋን በጣቷ እያንሸራተተች እግዚኦታዋን 41 ጊዜ ታደርሳለች። ስትጨርስ መቁጠሪያውን ስማ ከምሰሶው ምስማር ላይ ትሰቅለውና ዱካዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ከዚያ እንባዋ ከጉንጯ ሳይደርቅ ወደ እኔ ዞራ «እንቆቅልህ!» ትላለች። እኛም በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልሽ!» እንላለን።

ከአጥሩ ወዲያ የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችንም እንዲሁ ነበሩ። የዒሻ ሶላታቸውን ሰግደው፣ የተስቢሃቸውን 99 ፍሬ ቆጥረው ሲወጡ ነው ቀልዳቸው የሚመጣው። ቀን መንገድ ላይ ስናያቸው የምንፈራቸው ሰው፣ ማታ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ስማችንን እያጣመሙ ሲጠሩን በሳቅ እንሞታለን።

ሌላ ዓይነት ትምህርትም ደርሶኛል። አንድ ቀን ጸሎት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጭተን ስንስቅ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጆሮዬን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና እግዚአብሔር ሳቅ አይወድም አለኝ። ያቺ ቃል ረጅም ዘመን አብራኝ ኖረች። ጸሎትና ጨዋታ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። የአያቴ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ መቁጠሪያው ቀጥሎ እንቆቅልሹ፣ የገባኝ የኋላ ኋላ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ልብ ምትና ስለ አንጎል የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብ ስጀምር ነው።

ከትንፋሽ እንነሳ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሉቺያኖ በርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አንድ ጥናት አወጡ። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን እንዲደግሙ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በቡድሂስቶች ዘንድ የታወቀውን አጭር የተመስጦ ቃል እየደጋገሙ እንዲሉ ተደረገ። ቋንቋው ሌላ፣ ሃይማኖቱ ሌላ። ትንፋሹ ግን በሁለቱም አንድ ቦታ ላይ አረፈ፦ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ፣ ማለትም በ10 ሰከንድ አንድ።

ለምን 10 ሰከንድ? የደም ግፊታችን በአንድ ልክ ቆሞ አይውልም፤ በየ10 ሰከንዱ ገደማ ከፍ ዝቅ የሚል የራሱ ማዕበል አለው። በአንገት የደም ሥሮችና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ ይህን ግፊት የሚጠብቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊቱ ሲጨምር ለአንጎል ግንድ ይነግሩታል፤ እሱም ቬገስ በተባለው ረጅም ነርቭ በኩል ልብን «ቀስ በይ» ይላታል። ትንፋሽም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። አየር ስናስገባ ልብ ትፈጥናለች፤ ስናወጣ ትዘገያለች። በችኮላ ስንተነፍስ ሁለቱ ምቶች እየተላለፉ ይሄዳሉ። ትንፋሹ በ10 ሰከንድ አንድ ሲሆን ግን ይገናኛሉ። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? እየተመለሰ ሳለ ብትገፉት ይንገጫገጫል። ጫፍ ደርሶ ሲዞር ጠብቃችሁ በጣት ብትነኩት እንኳ ከፍ ብሎ ይሄዳል። በርናርዲ ያዩት ይህንኑ ነው፦ የልብ ምቱ እንደ ዥዋዥዌው ሰፊና የተስተካከለ መወዛወዝ ያዘ፤ ግፊቱን የሚጠብቀው ሥርዓትም ይበልጥ ንቁ ሆነ።

የባሌ ሰው ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ አየር ሲቀጥንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 4,377 ሜትር ወደሆነው ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለከፍታ እንግዳ የሆነ ሰው ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል። ቶሎ ቶሎና አጭር አጭር የሆነ ትንፋሽ ግን ብዙው አየር ሳንባው ውስጥ ሳይደርስ ከጉሮሮ የሚመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ለክቷል። 4,559 ሜትር ላይ የነበሩ ሰዎች በደቂቃ ስድስት ጊዜ ብቻ በጥልቀት ሲተነፍሱ፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 89 በመቶ ገደማ ወጣ። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት አያቴን ነው። በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ 41 ጊዜ ረጋ ብላ ስትል ደሟንም እያጠገበች ኖሮ ይሆናል።

ሰው በዚህ አየር መተንፈስ የጀመረው ደግሞ ትናንት አይደለም። በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ የዋሻ መጠለያ የተደረገው ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እዚያ እንደኖሩ አሳይቷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ማታ እሳቱን ከበው ምን ይባባሉ እንደነበር አጥንት አይናገርም፤ እኔ ግን ዝም ብለው የሚያመሹ አይመስሉኝም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መረጋጋት ነው። መረጋጋትና ጨዋታ ምን አገናኛቸው?

ጎርደን በርግሃርት የተባሉ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መጽሐፍ አንድ የእንስሳ ድርጊት ጨዋታ ነው ለማለት አምስት መለኪያ አስቀምጠዋል። ከአምስቱ አንዱ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው፦ እንስሳው የጠገበ፣ ጤነኛና ከስጋት ያረፈ መሆን አለበት። የተራበ አይጫወትም፤ የፈራም አይጫወትም። ጃክ ፓንክሴፕ የተባሉት የአንጎል ተመራማሪ ይህን በአይጦች አሳይተዋል። እየተላፉ የሚጫወቱ ግልገል አይጦች ባሉበት ሳጥን ውስጥ ጥቂት የድመት ፀጉር አስገቡ። ድመቱ የለም፤ ሽታው ብቻ ነው ያለው። ጨዋታው ወዲያው ቆመ፤ ፀጉሩ ከተነሳ በኋላም ለቀናት እንደ ቀድሞው አልሆነም። እኚሁ ሰው አይጦች ሲጫወቱና ሲኮረኮሩ 50 ኪሎ ኸርዝ ገደማ በሆነ ቀጭን ድምፅ እንደሚጮኹም ደርሰውበታል። የሰው ጆሮ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ስለሚሰማ ያ ሳቅ ከእኛ ተሰውሮ ኖሯል።

የሳነቴ ቀይ ቀበሮዎችም ምስክር ናቸው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ቀን ቀን እያንዳንዱ ለብቻው ተበትኖ ፍልፈልና አይጥ ያድናል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ግን መንጋው ይሰበሰባል፤ ጭራቸውን እየቆሉ፣ እየተላላሱ፣ አፍ ለአፍ እየተነካኩ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ቡችሎቹ በጉድጓዱ ደጅ ይላፋሉ። ከዚያ አብረው ድንበራቸውን ይቃኛሉ። ይህን ጸሎት ነው አልልም። ግን ቀኑን በስብስብና በሰላምታ መክፈት በእኛ አልተጀመረም።

እንግዲህ የሰው ልጅ የድመት ፀጉር ብዙ ነው። የቤት ኪራይ ነው፣ የታመመ ዘመድ ነው፣ ትናንት የተነገረ ክፉ ቃል ነው፣ ነገ ምን ይመጣ ይሆን የሚል ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቻቸው፣ ሰው ምንም ሥራ ሳይሠራ ሲቀመጥ የሚነቃ የአንጎል መረብ እንዳለ ገለጹ። ስለ ራሳችን የምናወጣ የምናወርደው አብዛኛው በዚህ መረብ ውስጥ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀድሰን ብሩወር የመሩት ጥናት ደግሞ ተመስጦን ለረጅም ጊዜ የለመዱ ሰዎች ጋ ይህ መረብ ረገብ እንደሚል አሳየ። በእኔ አረዳድ የተመስጦ ሥራ ፀጉሩን ከሳጥኑ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሳቅ ሰው ሳይጠራው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ አስቀድሞ ያወቀው ነገር አለ። በአማርኛ ጨዋታ የልጆች ሩጫና ድብብቆሽ ብቻ አይደለም። እንግዳ ቤት ሲገባ «ተጫወቱ እንጂ» እንለዋለን፤ ተነጋገሩ፣ ዘና በሉ፣ አብራችሁን ሁኑ ማለታችን ነው። ጨዋታ ወግም ነው። በዴንማርክ ኡፈ ሾት እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙትን ሳነብ ይህ ቃል ነው ትዝ ያለኝ። አጥባቂ ክርስቲያኖች በራሳቸው ቃል ለእግዚአብሔር ሲናገሩ አንጎላቸውን በምስል አዩት። የነቁት ክፍሎች ከሰው ጋር ስናወጋ፣ የዚያን ሰው ልብ ለማወቅ ስንሞክር የሚነቁት ናቸው። እነዚያው ሰዎች ለገና አባት ምኞታቸውን ሲናገሩ እንደዚያ አልሆነም፤ የለመዱትን ጸሎት በቃላቸው ሲደግሙም እንዲሁ። ለአንጎላቸው የግል ጸሎት በእውን ካለ ሰው ጋር የሚደረግ ጨዋታ ነበር። አያቴ ከእግዚኦታዋ በኋላ በሹክሹክታ የምትጨምራት ነገር ነበረቻት፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ልጆቿ፣ አንዳንዴም ስለ እኔ ጥፋት። አሁን ሳስበው ወግ እየጠረቀች ነበር።

አብሮ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት በምሥራቅ በኩል፣ አናጂና ላይ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን እስልምናን በባሌ ያስፋፉት የሼክ ሁሴን መካነ መቃብር አለ፤ ድሬ ሼክ ሁሴን ይባላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላም ቦታ ሰው ይጎርፋል። ጋሪባ የሚባሉት ተጓዦች ጫፉ ለሁለት የተከፈለ በትር ይዘው በእግራቸው ይመጣሉ። ባህሮ የተባለውን የምስጋና ዜማ በኦሮምኛ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ያመሻሉ። አውጪው ቃሉን በዚያው ቅጽበት ይሰካካዋል፤ ተቀባዩ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል። ክርስቲያኑም አብሮ ይሄዳል። በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን፣ ጎባና ሮቤ ላይም የምናየው ከዚህ አይርቅም። ካህናቱ በመቋሚያና በጸናጽል እየሸበሸቡ፣ ወጣቱ በታቦቱ ፊት ዱላውን ከፍ አድርጎ እየጨፈረ ይሄዳል፤ ከታቦቱ አጠገብ ሲሆን ይህ ጭፈራ ጸሎት እንጂ ሌላ ስም የለውም።

አካሉስ ምን ይሆናል? በስዊድን ብዮርን ቪክሆፍ የመሩት እ.ኤ.አ. የ2013 ጥናት፣ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች ልባቸው አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ አሳይቷል። ምሥጢሩ ያው ትንፋሹ ነው፤ ዜማው የት ላይ እንደሚተነፍሱ ስለሚወስን ሁሉም በአንድ ላይ ይተነፍሳሉ። በኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2010 በጀልባ ቀዛፊዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ፣ ጉልበቱ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ብቻውን ከቀዘፈ ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር የቀዘፈ ሰው ሕመምን የመቻል አቅሙ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ቀናት በእግሩ የተጓዘ ጋሪባ ሌሊቱን ቆሞ ባህሮ ሲቀበል፣ ማኅሌት የቆመ ደብተራ እስኪነጋ ሲያሸበሽብ፣ ድካሙ የት ይገባል ብዬ ስጠይቅ የኖርኩትን ይህ በከፊል ይመልስልኛል።

ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሐን ኸይዚንኻ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ጨዋታ በጻፉት መጽሐፍ፣ የአምልኮ ሥርዓትና ጨዋታ ሁለቱም ከዕለት ኑሮ የተከለለ የራሳቸው ቦታና ሰዓት እንዳላቸው አስተውለዋል። የልጆች ሰኞ ማክሰኞ በመሬት ላይ በተሰመረ መስመር ይጀምራል፤ ቤተ መቅደስም በቅጥር። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዋሻው በስማቸው የሚጠራው ሶፍ ዑመር በዚያ ጨለማ ውስጥ ጌታቸውን ለብቻቸው ያመልኩ እንደነበር የአገሩ ሰው ይተርካል። ዛሬ ወደዚያ ዋሻ የሚገቡ ልጆች መጀመሪያ የሚያደርጉት የገዛ ድምፃቸውን አሰምተው የገደል ማሚቶውን መስማት ነው። አንድ ቦታ ለኸልዋም፣ ማለትም ለብቻ አምልኮ፣ ለጨዋታም ይበቃል።

መሞከር ለሚሻ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የራስህን ጸሎት ያዝ፤ አዲስ ቃል አትፈልግ። ረጋ ብለህ አምስት ሰከንድ አስገባ፣ ቃሉን እያልክ አምስት ሰከንድ አውጣ፤ ለ10 ደቂቃ ያህል። ትንፋሽህን አፍነህ አትያዝ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ያማክር። ዝም ብሎ ሲቀመጥ የቆየ ሐዘን ወይም ፍርሃት የሚነሳበትም አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን አይቀመጥ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ይሁን። ሲያበቃ ደግሞ ስልክ ለማንሳት አትቸኩል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ እሱ ጋ ሂድ።

አያቴ እንዲያ ነበር የምታደርገው። እንቆቅልሿ አንድም ቀን ቀላል ሆኖ አያውቅም። እኔም ተሸንፌ ዝም ስል እጇን ትዘረጋና «በል አገር ስጠኝ» ትላለች። ሮቤን እሰጣታለሁ፤ ሜዳ ነው፣ ንፋሱ አይመቸኝም ትላለች። ዲንሾን እሰጣታለሁ፤ ትንሽ አሰብ ታደርግና ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ጎባን እንዳልሰጣት የምንኖርበት ነው። በመጨረሻ ሳነቴን ከነቀበሮው፣ ከነብርዱ ስሰጣት ነጠላዋን ወደ ላይ ሰብስባ ትስቃለች፤ «ሳነቴ ገብቼ ምን አጥቼ!» ትልና መልሱን ትነግረኛለች።