ከውሻዎ ጋር በእግር ሲንሸራሸሩ

በጎጃም ደጋ ውሻ የቤት ጠባቂ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ተፈትቶ ግቢውንና በረቱን ሲጠብቅ ያድራል። ውሻን ይዞ ለእግር ጉዞ መውጣት በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ አይደለም። ይሁንና ልማዱ ለባለቤቱም ሆነ ለውሻው ጤና ይጠቅማል። ጥንቃቄ ከጎደለው ደግሞ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህም በሳምንት 5 ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። በደም ግፊት፣ በስኳር ሕመምና በልብ ሕመም የመያዝ ዕድልን ይቀንሳል። ውሻ ደግሞ ጥሩ ቀስቃሽ ነው፤ አንዴ ከለመደ ሰዓቱን ጠብቆ ውጣ ይልዎታል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ቁጡ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ በየዕለቱ መንቀሳቀሱ ጠባዩንም ያርቅለታል።

ታዲያ የት ይሂዱ? በደብረ ማርቆስም ሆነ በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች ለውሻ ተብሎ የተከለለ መናፈሻ መፈለግ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነ ይተዉት። ተሽከርካሪ የማይበዛባቸውን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ ከከተማው ዳር ባሕር ዛፍ የተተከለባቸውን ቦታዎችና ወደ ገጠር የሚወስዱ የእግር መንገዶችን ይምረጡ። ማለዳ ሰው ሳይበዛ ወይም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መውጣት ይሻላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከቆላ የመጡ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ ይራመዱ።

የማይሄዱባቸውንም ቦታዎች ይወቁ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት ነውር ነው። በገበያ ቀን ገበያ መሃል፣ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ትምህርት ቤት ደጃፍ፣ በግና ጥጃ በተሰማራበት መስክ፣ ሰብል ባለበት ማሳም አይሂዱ። እረኛ ካዩ ውሻዎን አሳጥረው ይያዙ።

ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ደግሞ ውሻዎን ቤት ይተዉት። በጮቄ ቀድሞ ይኖር የነበረው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ከዚያ ጠፍቷል። በሌሎች ተራሮች ለቀሩት ቀይ ቀበሮዎች የቤት ውሾች የሚያስተላልፉት በሽታ ትልቅ ስጋት ነው፤ በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

ይኸው በሽታ ለሰውም ገዳይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዋናነት የታመመ እንስሳ ሲነክስ በምራቁ ይተላለፋል፤ በሰው ላይ ከሚከሰተው 99 ከመቶ ያህሉ ምንጩ ውሻ ነው። ከንክሻው በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል። ውሃ መፍራትና መቃዠትን የመሰለው ምልክት አንዴ ከታየ ግን በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ይገድላል። ስለዚህ ቁስሉ ሻረ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በመንገድ ላይ ባለቤት የሌለው ውሻ ቢመጣብዎ አይሩጡ፤ ሩጫ ማባረርን ይጋብዛል። ቆም ይበሉ፣ ዓይን ዓይኑን አይዩት፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ያፈግፍጉ። ያለ ምክንያት ያገኘውን የሚናከስ፣ ምራቁን የሚያዝረበርብ ወይም መንጋጋው የረገበ ውሻ ካዩ ይራቁ፤ ልጆችንም ያርቁ።

ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ይህ ቀላል የሚመስል እርምጃ ቫይረሱን ከቁስሉ ለማስወገድ እጅግ ይረዳል። ቅጠል፣ በርበሬ ወይም አመድ አያድርጉበት። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ክትባቱ በተቋሙ ከሌለ የሚገኝበትን ጠይቀው ጉዞዎን ይቀጥሉ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት ስለሚሰጥ አንዱንም ቀጠሮ አያጓድሉ። ጸበል መጠመቅ የሚፈልጉ ሰዎች ይጠመቁ፤ ነገር ግን ክትባቱን አያዘግዩ። እምነትና ሕክምና አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ያለፈ ቀን ግን አይመለስም።

የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ቶሎ አይግደሉት፤ በጥንቃቄ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሐኪም ሳያዝ ግን ይህን በመጠበቅ ክትባትዎን አያቋርጡ።

ዋናው መከላከያ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ቡችላዎን 3 ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስደው ያስከትቡ፤ ከዚያም ባለሙያው በሚነግርዎ ጊዜ ይድገሙለት። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የጎረቤትዎ ውሻ አለመከተቡ የእርስዎን ልጅ ይመለከታልና በእድርና በሰፈር ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ያንሱ።

በበዓል ሰሞን ደግሞ የእርድ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አይስጡ። በውስጡ ያለው የትል እጭ በውሻው ሆድ አድጎ በዐይነ ምድሩ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ውሃ የቋጠረ እብጠት ያመጣል። ከጉዞ ሲመለሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ነገ ማለዳ ገመዱን ከማንሳትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ውሻዎ ተከትቧል?

መልካም ጤና!