ስድስት እግር ያለው ሁሉ ሦስት አፅቄ ነውን?

አንበጣን፣ ንብንና ጉንዳንን ከሦስት አፅቄዎች ወገን የምትመድቧቸው በምን ምልክት ነው? አካላቸው ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ በደረታቸውም ላይ ሦስት ጥንድ እግሮች ይገኛሉ ትሉ ይሆናል። መልሳችሁ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ይህንኑ ምልክት አሟልታ ሳለ ከሦስት አፅቄዎች ተራ የማትቆጠር ፍጥረት በዛፍ ሥር ባለው እርጥብ አፈር ውስጥ ትኖራለችና። ስሟ ፕሮቱራ ይባላል።

የፕሮቱራ ርዝመት ከ2 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። መልኳ ነጣ ያለ ነው። ክንፍ የላትም፤ ዓይን የላትም፤ ጉንዳን የሚዳስስበትን የመሰለ አንቴናም የላትም። ታዲያ በጨለማ ውስጥ መንገዷን እንዴት ታገኛለች? የፊት እግሮቿን ከመሬት አንሥታ ወደ ፊት ትዘረጋቸዋለች፤ በእነርሱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች አካባቢዋን ያስታውቋታል። ስለዚህ ስድስት እግር እያላት የምትራመደው በአራቱ ነው።

አንበጣ ቅጠል ሲቆርጥ መንጋጋው በውጭ ይታያል፤ የፕሮቱራ የአፍ ክፍሎች ግን በራሷ ውስጥ ባለ ኪስ ተሸሽገዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አስተዳደጓ ነው። ሦስት አፅቄ ከዕንቁላል ከወጣ በኋላ ቆዳውን ደጋግሞ ቢለውጥም የሆዱ አንጓዎች ቁጥር አይጨምርም። ፕሮቱራ ግን ስትፈለፈል የጫፉን ጨምሮ 9 የሆድ አንጓዎች ይኖሯታል፤ ቆዳዋን እየለወጠች ስታድግ 12 ይሆናሉ። ስለሆነም ሊቃውንቱ የቅርብ ዘመድ እንጂ የቤቱ ልጅ አላደረጓትም።

በሰው እግር ሥር ስትኖር ኖራ፣ ጣሊያናዊው ፊሊፖ ሲልቬስትሪ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። መዘግየቱ አያስገርምም፤ ከአፈር ለይቶ ማውጣቱ ብልሃት ይጠይቃልና። ብልሃቱን እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ወፍራም ወረቀት እንደ ጥሩምባ ጠቅልላችሁ ከላዩ ወንፊት አኑሩ፤ በወንፊቱ ላይ ከዛፍ ሥር የወሰዳችሁትን እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል አድርጉ። ከበላዩ አምፑል አብሩ፤ ወረቀቱን እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ። ከበታች እርጥብ ጥቁር ወረቀት የተነጠፈበት ሳህን አስቀምጡ። አፈሩ ከላይ እየደረቀ ሲሄድ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረቶች እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይሸሹና ከሳህኑ ላይ ይወድቃሉ።

ከሚወድቁት መካከል እየዘለሉ የሚያስቸግሯችሁ ኮሌምቦላ የሚባሉት ናቸው፤ እነርሱም ስድስት እግር ይዘው ከሦስት አፅቄዎች ውጭ የቀሩ ናቸው። እናንተ ግን በማጉያ መነጽር የማትዘለዋን፣ የፊት እግሮቿን አንሥታ ቀስ እያለች የምትጓዘውን ነጭ ፍጥረት ፈልጉ።