አላርሙ ሲጮህ ማን ይደርሳል?

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም አላርሙ ጮኋል። የመስኮቱም፣ የጌጣጌጡ መስታወት ሣጥኖችም ደወል ሥራውን ሠርቷል። ሌቦቹ ግን በዕቃ ማንሻ መኪና ወደ አፖሎ አዳራሽ ሰገነት ወጥተው፣ መስኮቱን በመቁረጫ ማሽን ከፍተው፣ 88 ሚሊዮን ዩሮ የተገመተ የነገሥታት ጌጥ ይዘው ለመሰወር ስምንት ደቂቃ ያህል በቅቷቸዋል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ቤቴ ውስጥ ሴንሰር መስቀል ምን ይፈይድልኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ጥቅሙ የሚለካው ሌባው ሥራውን ለመጨረስ በሚወስድበት ጊዜና ረዳት ለመድረስ በሚወስድበት ጊዜ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ረዳቱ ከቀደመ ንብረቱ ይተርፋል።

ሌባ መግባቱን የሚያሳውቀውን የኤሌክትሪክ ደወል አውግስተስ ፖፕ በ1853 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አስመዘገበው፤ ኤድዊን ሆምስ መብቱን ገዝቶ ንግድ አደረገው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ያ ደወል የሚያውቀው በርና መስኮት መከፈታቸውን ብቻ ነበር። ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ለመለየት፣ ሳሙኤል ባግኖ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ተጠቀመ። ዛሬ ይህ ዓይነቱ በቤት ጥበቃ ብዙም ስለማይታይ አልፈዋለሁ።

አሁን በየቤቱ ማዕዘን የምናየው ትንሽ ነጭ ሣጥን ፒ.አይ.አር. የሚባለው የኢንፍራሬድ ሴንሰር ነው። ራሱ ምንም ጨረር አይልክም፤ ከሰው ገላ የሚወጣውን ሙቀት ይጠብቃል። ከፊቱ ያለው ሌንስ ክፍሉን በብዙ ጠባብ ዞኖች ይከፋፍለዋል፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደርሰው ሙቀት ከፍ ዝቅ ስለሚል አላርሙ ይነሣል። ስለዚህ ፊት ለፊት ከሚመጣበት ሰው ይልቅ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያያል። ከሁለት ሜትር ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ የሌባውን መንገድ ከጎን በሚያይ ጥግ መስቀል የሚመከረውም ለዚህ ነው። መስታወት ይህን ሙቀት ስለማያሳልፍ፣ ሳሎን ተሰቅሎ በመስኮት በኩል ግቢውን ይጠብቃል ተብሎ የታሰበ ሴንሰር ግቢውን ጨርሶ አያይም። የክፍሉ ሙቀት ወደ ሰው ገላ ሙቀት በተጠጋ ቁጥርም ልዩነቱ ስለሚጠብ፣ ሰመራም ሆነ ዱባይ የሚኖር ሰው የሙቀት ማስተካከያ ያለውን ይምረጥ። በማይክሮዌቭ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ቀጭን ግድግዳን አልፎ ስለሚያይ፣ ብቻውን ሲሆን በኮሪደር ያለፈውን ሁሉ ሌባ ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱን አጣምሮ ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ የሚጮኸው ይሻላል።

ከሁሉ አብልጬ የማነሣው ግን የአንትወርፑን ዘረፋ ነው። ከምድር በታች ሁለት ፎቅ ወርዶ የሚገኘው የቤልጂየም የአልማዝ ማዕከል ካዝና፣ በሩ ላይ የማግኔት ደወል፣ ውስጡ የብርሃን እንዲሁም የሙቀትና የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነበረው። ሊዮናርዶ ኖታርባርቶሎ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ነጋዴ ነኝ ብሎ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ተከራይቶ ከሁለት ዓመት በላይ ሲገባና ሲወጣ ቆየ። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ዘረፋው ሊፈጸም ሲል እንደማንኛውም ደንበኛ ወደ ካዝናው ወርዶ በሴንሰሩ ላይ የሴቶች የፀጉር ስፕሬይ ረጨበት። ቀጭኑ ሽፋን ሙቀቱን ጋረደ። በፌብሩዋሪ 2003 አጋማሽ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ ከ100 በላይ ሣጥኖች ተሰበሩ፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተ ሀብት ወጣ። ነገሩ የታወቀው ሰኞ ነው። አብዛኛው የተዘረፈው ሀብት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ትረካው እውነት ከሆነ፣ ማታ ካዝናው ሳይዘጋ አንድ ሠራተኛ በሴንሰሩ ፊት ተራምዶ የሴንሰሩ ትንሿ መብራት ብልጭ ማለት አለማለቷን ቢፈትሽ ኖሮ ነገሩ ሊነቃ ይችል ነበር። የአውሮፓ መስፈርት በ3ኛ የጥበቃ ደረጃና ከዚያ በላይ ላሉ ሴንሰሮች መሸፈናቸውን ራሳቸው እንዲያሳውቁ ያዛል፤ ውድ ዕቃ ያለው ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው።

ሌላው ችግር የሐሰት ጥሪ ነው። ለአሜሪካ ፖሊሶች የተዘጋጀ አንድ መንግሥታዊ መመሪያ፣ ከአላርም ጥሪዎች ከ94 እስከ 98 በመቶው ሐሰት መሆናቸውን ጽፏል። ሶልት ሌክ ሲቲ በ2000 መጨረሻ ቦታው ላይ ሰው ሳያረጋግጥ ፖሊስ እንዳይሄድ ደነገገች። ሻጮቹ ተቃወሙ፤ እኔ ግን ከተማዋ ትክክል ነበረች እላለሁ፤ ሐሰት የለመደ ፖሊስ ለእውነተኛውም አይሮጥም።

ሻጮች ደጋግመው የሚጠቅሱት የሰሜን ካሮላይና ጥናት፣ ከ422 የተፈረደባቸው ሌቦች 60 በመቶ ያህሉ አላርም ካዩ ወደ ሌላ ቤት እንደሚሄዱ መናገራቸውን ያሳያል። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው የአላርም ኢንዱስትሪው ፋውንዴሽን መሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው። የእንግሊዝና የዌልስን መረጃ ያጠኑ ተመራማሪዎች ደግሞ የበርና የመስኮት ቁልፍ ከመብራት ጋር ሲጣመር ብቻውን ከተገጠመ አላርም በእጅጉ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ቁልፉ ሌባውን ስለሚያዘገየው፣ ይህ ለእኔ የበለጠ ያሳምናል።

አዲስ አበባ ላይ ቶሎ የሚደርሰው ዘበኛው ወይም ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ በሲም ካርድ የሚደውለው አላርም ላይ መጀመሪያ መመዝገብ ያለበት የእነሱ ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ የእሱ ቁጥር ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ በየጊዜው ይፈተሽ፤ ሲሙም ሂሳብ ይኑረው፤ ሂሳብ ያለቀበት አላርም ለማንም አይደውልም።