ከሲጋራ ወደ ቬፕ፦ ግማሽ መንገድ አያድንም

አጫሹን የሚያስረው ኒኮቲን ነው፤ በአብዛኛው የሚገድለው ግን ጭሱ ነው። ሲጋራ ሲሳብ የጫፉ ሙቀት 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ በዚህ እሳት ቅጠሉ ነዶ ታር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና በርካታ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይወጡታል። ብዙዎች ቬፕ የሚሉት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም። ባትሪ፣ በፈሳሽ የራሰ ጥጥና የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለው፤ ሽቦው ሲግል ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ይተናል። ሲጋራን ጨርሶ ትቶ ወደዚህ መሣሪያ የዞረ ሰው ጤናው የሚሻሻለው ስለዚህ ነው። “ጨርሶ” የሚለውን ቃል ግን አጥብቄ እይዘዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 886 አጫሾች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ቬፕ፣ ገሚሶቹ እንደ ፕላስተርና ማስቲካ ያሉ የኒኮቲን ምትኮች ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ ማጨስ ያቆሙት ከመጀመሪያዎቹ 18 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 9.9 በመቶ ነበሩ። በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ በ114 አጫሾች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ ቬፕ የቀየሩት ሰዎች የደም ሥር በአንድ ወር ውስጥ የመለጠጥ አቅሙ እንደተሻሻለ አሳይቷል፤ ይበልጥ የተሻላቸው ቅያሬውን በደንብ የጠበቁት ናቸው። ቬፕ ይዞ ጠዋት ከቡና ጋር አንዲት ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ግን ራሱን ያታልላል። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ ማጨስ 20 ማጨስ ከሚያመጣው ተጨማሪ የልብ በሽታ ስጋት ግማሽ የሚጠጋውን ያስከትላልና።

“ሱሱ መቼ ለቀቀው?” የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት አለው። በዚያው የእንግሊዝ ጥናት በቬፕ ካቆሙት 80 በመቶ የሚሆኑት ከዓመት በኋላም ቬፑን አልተዉም። ኒኮቲን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንፋሎቱም ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ ያስላል። መሣሪያው ከተፈጠረ ገና ሃያ ዓመት ያለፈው በመሆኑ የረጅም ዘመን ጉዳቱ ተለይቶ አልታወቀም። ስለዚህ አጭሶ ለማያውቅ ወጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተቀስቅሶ ከ2,800 በላይ ሰዎችን ሆስፒታል ያስገባውና 68ቱን የገደለው የሳንባ ጉዳት ግን በዋናነት የመጣው ከካናቢስ ፈሳሽ ጋር ከተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው፤ ከተለመደው የኒኮቲን ፈሳሽ ጋር ማምታታት አይገባም።

ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ ስለከለከለ፣ አገር ቤት ያለ አጫሽ የሚያዋጣው የሐኪም ምክርና ሌሎች የኒኮቲን ምትኮች ናቸው። ለንደን ያለው ወገን ግን ቬፕን በሕጋዊ መንገድ ያገኛል። እዚያ የፈሳሹ የኒኮቲን ጣሪያ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ነው፤ መጀመሪያ የመጨረሻዋን ሲጋራ ጥሎ፣ ወደ ማጨስ እንደማይመለስ ሲተማመን መጠኑን ቀስ በቀስ እስከ ዜሮ ማውረድ ይችላል።